የገና ሌቦች በነሐሴ ዝናብ

አረርቲ የፈረንጆቹን በረዶ አታውቅም። እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የጤፍ ቡቃያ የሚያደቀውን ነው። መንገድ የሚዘጋ፣ ዱካ የሚይዝ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲወርድ የሚያድር ነጭ በረዶ ያገኘሁት በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው።

እንግሊዞች «ዊንተር» የሚሉትን ወቅት እኛ «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። ቃሉ ግን እዚያና እዚህ አንድ አይደለም። የእኛ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። የእነርሱ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል ወቅቱ መፀው ነው። የእኛው ገና ሲደርስ ደግሞ በጋ ከገባ ሦስት ቀን አልፎታል፤ የምንጃር ጤፍ ከአውድማ ነው፣ ፀሐዩም ልብስ ያስወልቃል። ስለዚህ የገናን የወንጀል ምርመራ ታሪኮች በገና ሰሞን ላነብባቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። የሚጥሙኝ በነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከቤት ሲያውለኝ፣ ጭቃው እግር ሲይዝ።

መጽሐፉን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚገኙ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ነው። ሽፋኑ የለም። በውስጡ ኮናን ዶይል አለ፣ ቼስተርተን አለ፣ አጋታ ክሪስቲ አለች። የክሪስቲ ታሪክ በበረዶ በተከበበ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ መድረክ የወጣው ዝነኛ ተውኔት የተወለደው ከእርሱ ነው። የእነዚህ ታሪኮች ብልሃት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ በረዶው በሩን ይዘጋል፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ከመካከላችን አንዱ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ አውጫጭኝ ነው። አፈርሳታም ይሉታል። ቀድሞ በአገራችን አድራጊው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየውን በስውር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። እንግሊዞቹ በበረዶ የዘጉትን በር አባቶቻችን በሸንጎ ዘግተውት ነበር ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ፣ ይህ በር በእኔም ላይ ተዘጋ። በምሠራበት ባንክ የቀኑን ሂሳብ ስንዘጋ 8,000 ብር ጎደለ። ዝናቡ ሲጥል፣ መብራቱም ኔትወርኩም ሄድ መለስ ሲል ነበር የዋለው። ገንዘብ ከፋዩ አንድ ለጋ ወጣት ነው፤ ከዚያ ቀደም አንድ ጊዜ ጉድለት ተገኝቶበት ከኪሱ ሞልቷል። ብሩ እንደ ገና ተቆጠረ፤ መሳቢያዎች ተገለበጡ። ሲመሽም ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

እኔም በምሳ ሰዓት ያነበብሁት ገና ከራሴ አልወጣም ነበርና መመርመር ጀመርሁ። የልጁን ላብ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ማናገሩን አስታወስሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ የስልኩን ነገር ለአለቃችን ጠቆምሁ። ወፍ ሆንሁ… ልጁ ጉድለቱን ከደመወዙ ሊከፍል ፈርሞ ወጣ።

ማታ ከቤቴ መጽሐፉን ስገልጥ ካቆምሁበት ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ወደቀ። የገንዘብ ማውጫ ወረቀት ነው፤ የተጻፈበትም 8,000 ብር። መብራት በጠፋበት ሰዓት ልጁ ከፍሎ፣ ኋላ እንድመዘግበው በእጄ የሰጠኝ ነበር። እኔ ግን ለምሳ ስነሣ ዕልባት አድርጌው ኖሯል።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ወረቀቱን ከጠረጴዛ ሥር መጣልና «አገኘሁት!» ማለት ነበር። ማን ያውቃል? ከማንም የማይጎድል መሰለኝ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝና ያቆምሁትን ታሪክ ቀጠልሁ።

ታሪኩ ቼስተርተን እ.ኤ.አ. በ1911 በታተመው መጽሐፉ ያካተተው የተሰረቁ አልማዞች ወግ ነው። በገና ማግስት በአንድ ባለጸጋ ቤት አልማዝ ይጠፋል። ሌባው ፍላምቦ ከአትክልቱ ቦታ ዛፍ ላይ ወጥቷል። አባ ብራውን የተባሉት ካህን ፖሊስ አይጠሩም፤ ከዛፉ ሥር ቆመው ይነግሩታል። ከሚነግሩት ነገር ሁሉ እኔን የወጋኝ አንዱ ነው፦ ጥርጣሬው በዚያ ቤት ባለ አንድ ንጹሕ ወጣት ላይ መውደቁን። አልማዞቹ ከዛፉ ወደ ሣሩ ይወርዳሉ።

ቀጥሎ ወደ ኮናን ዶይል ዞርሁ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1892 የወጣው፣ በዝይ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለተገኘው ሰማያዊ ዕንቁ የሚተርከው ነው። እዚያም የታሰረው ያልሰረቀ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የተጠረጠረውም ከዚህ በፊት ተፈርዶበት ስለነበር። ሼርሎክ ሆልምስ እውነተኛውን ሌባ ካናዘዘ በኋላ በሩን ከፍቶ ያሰናብተዋል፤ ሰሞኑ የይቅርታ ነውና። ከዚያ በፊት ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ግን አንድም ጊዜ አስቤው አላውቅም ነበር። ዓይኔ ሁልጊዜ ከሆልምስ ላይ ነበር።

ጠዋት ወረቀቱን ለአለቃችን በእጁ ሰጠሁት። የተገሠጽሁትን ተገሠጽሁ። ከዚያ ልጁን ወደ ውጭ ጠርቼ የወረቀቱን ነገር፣ የከበደኝን የስልኩንም ነገር ነገርሁት። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ውኃ እያየ ብዙ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ተገኘ አይደል ወንድሜ? ይኸው ነው» አለኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። እስከ መስከረም ድረስ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረኝም፤ አልፈረድሁበትም። በእንቁጣጣሽ ማግስት ሻይ ልጋብዝህ ያለው እርሱ ነው።

ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር ያን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ አወጣዋለሁ። ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አስቀድሜ ስለማውቅ የማነብበው ለእርሱ አይደለም፤ በስተመጨረሻ በሩ የሚከፈትለትን ንጹሕ ሰው ለማየት ነው። ዕልባቴ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ወረቀት ሆኗል። ከባንክ የመጣ ወረቀት በመጽሐፍ ውስጥ አላስገባም።