የፎገራ ላም ፍለጋ

ባሕር የለንም ይባላል፤ የወደብ ነገር በተነሳ ቁጥር ሆድ ይብሰናል። የጣና ዙሪያ ሰው ግን ሐይቁን ከጥንትም «ባሕር» ነው የሚለው። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ተነስቼ በሐሙሲትና በወረታ አድርጌ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ የባሕር ዳርቻ ጉዞ አደረግሁ ብል የሚከለክለኝ ያለ አይመስለኝም።

መቼም ወደዚያ የሚሄድ ሰው የፎገራን ላም ሳያስብ አይሄድም። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዷ አጭር፣ ጠባይዋ ገራም፣ ወተቷ የበረከተ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ተሸክመው እየወረዱ ሜዳውን ክረምት ክረምት ያጥለቀልቁታል። በ1998ቱ ክረምት እንዲያውም ሰውን ከቤቱ አፈናቅለዋል። ሌላ ከብት የሚቸገርበትን ያንን ረግረግ ከነዝንቡ እሷ ትችለዋለች። ውኃው ሲበረታ ባለቤቷ ወደ ከፍታው ይዟት ይወጣል፤ ሲሸሽ ሣሩ ላይ ይመልሳታል።

በመኪናው መስኮት ዓይኔ የፈለገው እሷን ነበር። ያየሁት ግን ሩዝ ነው። ግራ ሩዝ፣ ቀኝ ሩዝ።

ወረታ ላይ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ወተት አዘዝሁ። «ወተት የለም፤ ሻይ ላምጣልዎ?» አለችኝ ልጅቷ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቁ።

«ልጄ፣ ላሟ የት ቆማ ትጋጥና ነው?»

«እርስዎስ ስንት አለዎት አባቴ?»

«ድሮ በረቱ ሙሉ ነበር። አሁን ሁለት በሬና አንዲት ላም።»

«ምን ፈጃቸው?»

«ሩዝ በላቸው።»

«እንግዲያው ሩዙን ይጠሉታል?»

«እንዴት ብዬ! ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ አይደል?»

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ውኃ የሚተኛበት መሬት ተስማማውና ሰፋ። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄም ይወጣዋል፤ በቀረው እርጥበት ደግሞ ጓያ ይዘራበታል። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንኳ እዚያው ተቋቁሞለታል። እንዲህ የሚያበላ እህል ዘራህ ብዬ ገበሬውን ልወቅስ አልችልም። እኔን የሚከነክነኝ የወል ግጦሹ ነገር ነው። የግል ማሳ ባለቤት አለው፣ ድንበሩ ሲገፋ ይጮኻል፤ የጋራ ሣር ግን በየዓመቱ አንድ ጥማድ ሲቆረስለት ማን ይጮኽለታል? ወደ ሐይቁ ጠጋ ብሎ የተረፈውን ዳርቻ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ተሻምቶታል።

እርግጥ አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለማቆየት ሲደክም ኖሯል። ደግ ነው። ነገር ግን በምርምር ግቢ የምትጠበቅ ላም ለወረታ ሻይ ቤት ወተት አታቀርብም።

ከወረታ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው አስፋልት ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ጀመርን። ዓለም በር ላይ ከአንድ ቤት ጥግ ታስራ የሩዝ ገለባ የምታመነዥክ ቡራቡሬ ላም አየሁ። ደስ ብሎኝ ሾፌሩን «የፎገራ ናት አይደል?» አልሁት።

ፍጥነቱን ሳይቀንስ ዘወር ብሎ አያት።

«ግማሿ» አለኝ።