ደመወዙን በመጠየቁ ለተገፋ ሠራተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእናንተ መካከል የሠራበትን ዋጋ በመጠየቁ ብቻ አለቃው ፊቱን ያዞረበት፥ ሥራው የከበደበት ሰው ይኖራል። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍሁ ነው።

በአንድ የግል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ስሠራ የዕቃ ቆጠራ በሚደረግባቸው ቀናት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንቆይ ነበር። ለዚያ ሰዓት ግን ምንም አይከፈለንም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዝዛል። ይህን ጠቅሼ በመጀመሪያ በቃል፥ ቀጥሎም በደብዳቤ ጠየቅሁ።

ስለ ገንዘቡ መልስ አልመጣም። በሳምንቱ ግን ከቤቴ ወደሚርቅ ቅርንጫፍ ተዛወርሁ። በሁለት ዓመት አገልግሎቴ ደርሶኝ የማያውቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ። አብረውኝ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ባልደረቦቼም ከእኔ ጋር መታየትን ፈሩ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» የሚል፥ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ፊቴ አስቀምጠው፥ ብፈርም መልካም የሥራ ልምድ ማስረጃ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ።

በዚያ ሰሞን የሚያዝኑልኝ ሁሉ «አንተ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነህ፤ ታገሥ፤ ፈርመህ ውጣ» ይሉኝ ነበር። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን እስቲ አብረን እንመርምረው። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ዝምም አላለም፤ በምን ምክንያት እንደ ተመታ መቺውን ጠየቀው (ዮሐ. 18፥22-23)። ቅዱስ ጳውሎስም ፍትሕ እንደማያገኝ ባወቀ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ (ሐዋ. 25፥11)። በቀልን መተው የክርስቲያን ሥራ ነው፤ እውነትን መተው ግን አይደለም። ሳልለቅ «በፈቃዴ ለቀቅሁ» ብዬ መፈረም በራሴ ላይ በሐሰት መመስከር ነበር። ስለዚህ አልፈረምሁም።

ያ ፊርማ በሕግም ፊት ከባድ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለመሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል፤ በዚህ ምክንያት የተሰናበተም ወደ ሥራው እንዲመለስ አንቀጽ 43 ያዝዛል። በፈቃዱ እንደ ለቀቀ የፈረመ ሰው ግን ይህን ጋሻ በገዛ እጁ ይጥላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ቢሆን አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ ያለበት ነው እንጂ የፊርማ ዋጋ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ፈተና ሲገጥማችሁ ጥያቄያችሁን በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ስጡ፥ በሁለተኛው ላይ ከነቀኑ አስፈርማችሁ ያዙ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ከፊርማችሁ አጠገብ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብላችሁ ጻፉ። የሠራችሁበትን ሰዓት በየዕለቱ መዝግቡ፤ ያዕቆብም ደመወዙን ዐሥር ጊዜ ለለዋወጠበት ለላባ የ20 ዓመት አገልግሎቱን ቆጥሮ ነግሮታል (ዘፍ. 31፥38-41)። ጊዜውንም አስተውሉ፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በ3 ወር፥ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በአካባቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ሂዱ፤ ሠራተኛ ለእንዲህ ያለው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

እኔ አቤቱታዬን ባቀረብሁ ጊዜ ይሸሹኝ ከነበሩት ባልደረቦቼ አንዱ መጥቶ እስከ ስንት ሰዓት እንሠራ እንደነበር መሰከረልኝ። የቤት ኪራይ አለበት፤ ሦስት ልጆችም ያሳድጋል። እርሱን ካየሁ ወዲህ ፈርቶ በሚርቅ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። የ6 ወሩ ክፍያ ለሁላችንም ተከፈለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው በይርጋ ቀረ። ዝውውሬ አልተሻረም፤ ዛሬም ሁለት ታክሲ እየቀያየርሁ እሄዳለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ልቤን መጠበቅ ነበር። አለቃን በሐሜት መመለስ፥ በሥራ ላይ እየለገሙ መበቀል ቀላል ነው። እናንተ ግን ሥራችሁን ሳታጓድሉ፥ የምትናገሩትንም ሳታጋንኑ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ ጥያቄያችሁ ነቀፋ አይገኝበትም።

ከእናንተ መካከል የቤት ሠራተኛ ወይም ጥበቃ የቀጠራችሁም ትኖራላችሁ። ደመወዟን የጠየቀቻችሁን እኅት እንደ ጠላት አትዩአት። እናንተ ባትሰሟት፥ ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳስተማረን የሚሰማት አለ (ያዕ. 5፥4)።

ይቆየን።