ዋልካ የሚይዘውና የሚለቀው

ስለ ጭቃ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ የሥራ ፈት ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። በክረምት በአብደራፊ ሜዳ የሄደ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ጭቃው ጫማን ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ሰሊጡም፣ ጥጡም፣ ማሽላውም የሚበቅለው በዚሁ ዋልካ ላይ ነው። እኔም ይህን መሬት ባሰብሁ ቍጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፤ ይኸውም «ይህ አፈር የሚይዘው ምን ምኑን ነው? የሚለቀውስ?» የሚል ነው።

ዋልካ ለዐይን ጭቃ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ ያለው ሸክላ እጅግ ከደቀቁ ክሪስታሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል እንደ መጽሐፍ በቅጠል በቅጠል የተደራረበ ሲሆን፣ የአንዱ ቅጠል ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ያህል ነው። ጠበብት ስሜክታይት ከሚሉት ከዚህ ሸክላ አንድ ግራም ወስደን ቅጠሎቹን ሁሉ ብንዘረጋቸው፣ ስፋታቸው እስከ 800 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከበሰበሰ ተክል የሚወጡት ሞለኪውሎችም ሆኑ ገበሬው የሚረጨው መድኃኒት ቦታ የሚፈልጉት በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ነው። የዋልካ ጥቍረት እንኳ ብስባሹ በመብዛቱ ሳይሆን፣ ያለው ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር በጥብቅ በመያያዙ ነው ይባላል።

እንዲህ ያሉት ክሪስታሎች እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ስለዚህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 የተፈለሰፈው፣ በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ገጻቸውን ለማየት አልተመቸም ነበር። በ1986 ግን ቢኒግ፣ ኩዌትና ጌርበር የተባሉ ሊቃውንት የመርፌ ጫፍ ከገጹ ጋር ያለውን የመሳሳብና የመገፋፋት ኀይል የሚለካ መሣሪያ አወጡ። በዚህም ዘዴ የጨው ክሪስታል ሲመረመር አንድ ነገር ታየ። ብዙ ሞለኪውሎችን የጨው ገጽ አጥብቆ አይዛቸውም፤ ወንበር እንዳጡ የሰርግ እንግዶች ወዲያና ወዲህ ይሉና፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው በገጹ እርከን ጠርዝ ላይ ይሰበሰባሉ።

የሸክላው ጠባይ ከዚህ ይለያል። ቅጠሎቹ ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ ስላለባቸው ፖዘቲቭ የሆነውን እንግዳ ስበው ያስቀምጡታል። ፓራኳት የሚባለው የአረም መድኃኒት ፖዘቲቭና ዝርግ ስለ ሆነ፣ በቅጠሎቹ መካከል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀራል። ገበሬው ቱ-ፎር-ዲ የሚለው መድኃኒት ግን በእንዲህ ያለው አፈር ውስጥ ራሱ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ኔጋቲቭን ደግሞ ኔጋቲቭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሸክላው እምብዛም አይዘውም። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕያዋን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊያፈርሱት ይችላሉ፤ ከዚያ በፊት ብርቱ ዝናም ከመጣ ግን ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ወዴት ይሄዳል? ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ ነዋ! የአንገረብም ውሃ ወደ ሱዳን ወርዶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ወደዚያ ቈላ የሚወርደው ብዙ ሺሕ የቀን ሠራተኛ ጥሙን የሚቈርጠው ብዙ ጊዜ ባገኘው ውሃ ነው። «አፈሩ ሁሉን ያጠራዋል» የሚለው አነጋገር እንግዲህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። አፈር የሚያጠራው የሚይዘውን ነው። የሚይዘውም ቢሆን በጠርሙስ ሳለ መርዝ መሆኑን አይተውም፤ ፓራኳትን በስሕተት የጠጣ ሰው የሚድነው እምብዛም ነው።

ዛሬ በኮሌጅ ያላችሁ፣ ነገም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህን ለገበሬው ለማስረዳት ማይክሮስኮፕ አያስፈልጋችሁም። ዝናም ሲያጠላ አትርጭ፤ መርጫህን በወንዝ አትጠብ፤ ባዶውን ዕቃ ለውሃ መቅጃ አትስጥ ማለት ይበቃል። ምክንያቱን ከጠየቃችሁ ደግሞ ከእግሩ ሥር ያለውን ጭቃ አንሡና፣ ማንን እንደሚያስቀምጥ፣ ማንንም እንደሚያሰናብት ንገሩት።