አስራ አንዱ የጠፉት

ረዘም ያለ ነው፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ጥሊሊ ነበርኩ። የተወለድኩባት ከተማ ናት፣ ከኮሶበር ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ዳር የምታገኟት። የአሁኑ ግን የዘመድ ጥየቃ አልነበረም። ከማማክራቸው ጀማሪ ተመራማሪዎች ከአንዷ ጋር የጠፉ ሕመምተኞች ልንፈልግ ነው የሄድነው።

ልጅቷ (ስሟን አልጠራም፣ ታነበዋለች) መጀመሪያ ይዛ የመጣችው ርዕስ በደም ሥር ቱቦ አስገብቶ የልብ ምትን ስለሚያስተካክለው ሕክምና ነበር። ጥሩ ርዕስ ነው፣ ለሌላ አገር። "ስንት ሰው ታገኛለሽ?" አልኳት። ዝም አለች። "ረቡዕ ረቡዕ በር ላይ የሚሰለፉትስ እነማን ናቸው?"

እነሱንማ ታውቃቸዋለች። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ ሩማቲክ ትኩሳት የልባቸውን በር ያጠበበባቸው፣ ከዚያም የላይኛው የልብ ክፍል ተለጥጦ ምቱ የተዘበራረቀባቸው ወጣት ሴቶች ናቸው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምንለው ነው። ደሙ እዚያ ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። በአውሮፓ በአብዛኛው የአዛውንት በሽታ ነው። ነፍሱን ይማረውና ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ የመራው፣ ኢትዮጵያም ያለችበት የሬሜዲ ጥናት ግን በ14 አገሮች 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞችን ይዞ የመሃል ዕድሜያቸውን 28 ዓመት ነው ያገኘው። ከመቶ 22 ያህሉ ይኸው የምት መዛባት ነበረባቸው።

በቃ፣ ርዕሱ ተቀየረ። ዋርፋሪን የሚወስዱትን መከታተል።

መጠይቋን ሳነብ "የልብ ትርታ አለብዎት?" ይላል። ልብ ያለው ሁሉ ትርታ አለው እኮ! ሁሉም አዎ ብለው መለሱላት። "መጠይቁን ተይውና ልብሽ እንዴት ነው የሚመታው ብለሽ ጠይቂ" አልኳት። አንዷ የአገው ልጅ "እንደ ደከመ ፈረስ፣ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይደናቀፋል" አለቻት። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲጋልብ ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ገለጻ የለም።

ከዚያ ሠንጠረዡ መጣ። የአስራ አንድ ሰው ረድፍ ባዶ። ስልካቸው አይሠራም፣ ቀጠሮ ቀርተዋል። "ዶክተር፣ እነሱን ላውጣቸው? ውጤቱ ጥሩ ነው" አለችኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ያኔ ያማክረኝ የነበረው ሰው "አውጣቸው፣ ሠንጠረዡ ያምራል" አለኝ። አወጣሁ፣ ታተመ። ያቺን ወረቀት ዛሬም ሰው ሲጠቅሳት ያፍረኛል። የሚጠፋው እኮ ደህና የሆነው ብቻ አይደለም፤ የሞተውም ቀጠሮ ይቀራል።

ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ተጨማሪ ፈቃድ ወስደን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ፈለግናቸው። አራቱ ሞተዋል። "ጥሩ" የተባለው ውጤት እዚያው አበቃ። ልጅቷ መኪና ውስጥ አለቀሰች፤ እኔም ምን እንደምላት አላወቅሁም።

ጥሊሊ ያገኘናት ሴት ግን በሕይወት አለች። ዋርፋሪኑን ካቆመች ወራት አልፏል። ልጅቷ አንድ ሙሉ ደቂቃ የእጇን ምት ቆጠረች፤ የተዘበራረቀ ነው። ደሟን ለማስመርመር ባሕር ዳር ድረስ መሄድ አለባት፣ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል። ይህን ጠብቄው ነበር። ቀጥላ ግን "ጎመን አትብዪ ተባልኩ፤ በጾም ጎመን ካልበላሁ ምን እበላለሁ? መድኃኒቱን ተውኩት" አለች።

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" አልኳት፣ ቆጣ ብዬ።

"እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።"

አማቷ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ትክክለኛው ምክር ጎመኑን መተው ሳይሆን መጠኑን አለመለዋወጥ ነው፤ መድኃኒቱ በዚያ ልክ ይስተካከላል። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ለእሷ ግን፣ ሰልፉ በረዘመበት ቀን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሸኘኋት። ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ታየኛለች። "ጻፊው፤ ማን እንዳላትም ጻፊ" አልኳት።

"ደም ምርመራ የማያስፈልገውን አዲሱን መድኃኒት ለምን አንሰጣቸውም?" የምትሉ አትጠፉም። እኛም ተስፋ አድርገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ሙከራ ሩማቲክ የልብ ሕመምና ይህ የምት መዛባት ያለባቸውን 4,531 ሰዎች ተከታትሎ፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪንና ዘመዶቹን የወሰዱት ያነሰ እንደሞቱ አሳየ። ስለዚህ አሮጌው መድኃኒት ከእኛ ጋር ነው። ለእኛ የቀረልን ጥያቄ ምርመራውን እንዴት ወደ ጥሊሊ እናቅርበው የሚለው ነው። የልጅቷ ቀጣይ ጥናት ይኸው ነው፤ ርዕሱን ያመጣችው ራሷ ናት።

ሴትዮዋ ባለፈው ረቡዕ መጣች። ዋርፋሪኑን እንደገና ጀምረናል። ስለ ጎመኑ ያስረዳቻት ልጅቷ ናት፣ በእፍኟ እያሳየች። አስር ደቂቃ ፈጀባት። ውጭ ሰልፉ ያጉረመርም ነበር።