የሚይዘውም የሚገፋውም ያው ኮከብ ነው

ኮከብ እንደሚስብ ትምህርት ቤት ነግረውናል። እንደሚገፋ ግን ያወቅኩት ኢንጂነሪንግ ጨርሼ፣ ቀን ኮድ እየጻፍኩ ማታ ማታ ስለ ሰማይ ማንበብ ስጀምር ነው።

ቤታ ፒክቶሪስን እንውሰድ። ከእኛ 63 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ፣ ዕድሜው ገና 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የሆነ ወጣት ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ብራድፎርድ ስሚዝና ሪቻርድ ቴሪል ከቺሊ ሆነው በዙሪያው የተዘረጋውን የአቧራ ዲስክ ፎቶ አነሱ። የሚገርመው ይሄ ነው፦ ደቃቁን አቧራ የኮከቡ ብርሃን ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ያውም ከኮከቡ ዕድሜ አንጻር በቅጽበት። አቧራው እስካሁን ከታየን፣ እዚያ ትልልቅ ድንጋዮች ዛሬም እየተጋጩ እየተፈጩ ነው ማለት ነው።

ብርሃን ይገፋል። ግፊቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ እኛ አይሰማንም። ስበት ብናኙን የሚይዘው በክብደቱ ልክ ነው፤ ብርሃን የሚገፋው ደግሞ በፊቱ ስፋት ልክ። ድንጋይ ሲፈጭ ክብደቱ ከስፋቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ፣ እስከ አንድ ወሰን ድረስ፣ ባነሰ ቁጥር ግፊቱ ይበረታበታል። መራቅና መቅረብ ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም ኃይሎች በርቀት እኩል ነው የሚደክሙት።

እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን 0.5 የምትባለው ቁጥር ናት። ብናኙ እንዲያመልጥ ግፊቱ ስበቱን ማሸነፍ የለበትም፤ የስበቱን ግማሽ ካከለ ይበቃል። ለምን? ብናኙ ሲሰበር የእናት ድንጋዩን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወጣው። ስበቱ በግማሽ ሲላላ፣ ለመዞር ብቻ ትበቃ የነበረችው ፍጥነት ለመውጣትም ትበቃለች። ፓይተን ላይ ሞከርኩት፤ ድንጋዩን በክብ መንገድ እያዞርኩ። 0.49 ስሰጠው ብናኙ ከተነሳበት ርቀት 50 እጥፍ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። 0.51 ስሰጠው በዚያው ቀረ።

ታናሽ እህቴ አምና ከአገር ከወጣች ጀምሮ እናቴ «ምን ጎደለባት? ማን ገፋት?» ትላለች። ሰው ሲሄድ አንድ ትልቅ የገፋው ነገር እንፈልጋለን። እህቴ ግን ፍጥነቷን የወረሰችው ከእናቴ ነው፤ እናቴ በ17 ዓመቷ ብቻዋን ከገጠር አዲስ አበባ የገባች ሴት ናት። ቤታችን ልጁን ይይዛል፣ ይገፋልም። መያዙ ትንሽ ላላ፣ በቃ።

ፊዚክሱን አላወራኋትም። «ፍጥነቱ ያንቺ ነው» ብቻ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ትመለሳለች ወይ?» አለችኝ።

0.49ም 0.51ም ሲነሱ መንገዳቸው አንድ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ከራቁ በኋላ ነው።