አክስቴ ስለ ላኩልኝ የአፍንጫ መድኃኒት

ራስ ምታት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሰው የሚያዝንለት፣ ሁለተኛው ሰው የሚስቅበት። ማይግሬን የሚሉት የኔው ሕመም ከሁለተኛው ወገን ነው። ግማሽ ራሴን እንደ እንጨት ሲፈልጠኝ፣ ብርሃን ሲያስጠላኝና የበላሁትን ሲያስመልሰኝ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «ፈተና ደረሰ መሰል» ይላሉ። ደግ የሆነው ቡና ያፈላልኛል፤ እናቴ ደግሞ በስልክ «ዳማከሴ አሽትተህ ተኛ» ትለኛለች። ዳማከሴን አልንቅም፤ ሽታው የእናትን ቤት ያስታውሳልና። ሕመሙ ግን በጀመረበት ይቀጥላል።

ባለፈው ዓመት በቨርጂኒያ የሚኖሩት አክስቴ ይህን ሰምተው፣ እርሳቸው ራሳቸው በሐኪም ትእዛዝ የሚጠቀሙበትን በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት በመንገደኛ እጅ ላኩልኝ። ስሙ ዳይሃይድሮኤርጎታሚን ይባላል። ከሁለት ሸሚዝና ከአንድ ጥንድ ጫማ ጋር ተጠቅልሎ መጣ። ወረቀቱ ግን አልመጣም፤ በሻንጣው ውስጥ ቦታ እንዳይይዝ ብለው ካርቶኑን ከነወረቀቱ ጥለውታል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ ለዘመድ የሚላክ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ ይመጣል፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ጠርሙሷን ሳልከፍት ከግቢያችን አጠገብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ወሰድኋት። ባለሙያዋ ስሟን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና እንደ መርማሪ ይጠይቁኝ ጀመር። ማይግሬን ነው ያለህ ማን ነው፣ ሐኪም ወይስ አንተ? የደም ግፊት አለብህ? ልብህን አሞህ ያውቃል? ኩላሊትህስ፣ ጉበትህስ? ሲጋራ ታጨሳለህ? ባለፉት 24 ሰዓቶች ውስጥ ሱማትሪፕታን ወይም የሱን ወገን ወስደሃል? ሴት ብሆን ኖሮ እርግዝናና ጡት ማጥባት ይጨመሩ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ ስመልስ ከቆየሁ በኋላ የመጨረሻው መጣ፤ «አሁን የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ምንድን ነው?»

ለጨጓራዬ ሐኪም ያዘዘልኝን ክላሪትሮማይሲን ከጀመርሁ አራተኛ ቀኔ ነበር። ይህን ስነግራቸው ጠርሙሷን ከፊቴ አንሥተው ወደ ራሳቸው ሳቧት። ለራስ ሕመም ሄዶ የጨጓራን ጉዳይ የሚያነሣ ማን አለ? ባይጠይቁኝ ኖሮ እኔም አላነሣውም ነበር።

ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ መድኃኒት የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ሥራውን ሲጨርስ ጉበት ይሰባብረዋል። ክላሪትሮማይሲን ግን የጉበቱን ሥራ ያግዳል፤ ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒትና ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ የደም ሥሩ ከመጠን በላይ ይጨመደዳል፤ ወደ ጣትና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል። በአሜሪካ በመድኃኒቱ ወረቀት ራስ ላይ በጥቁር መስመር ተከብቦ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው። አክስቴ የጣሉት ወረቀት ማለት ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና የቃል ዘር መፈለግ ልማዴ ነው። «ኤርጎት» በእህል ዛላ ላይ የሚወጣ ጥቁር ፈንገስ ነው። አርቱር ሽቶል የተባለ የስዊስ ኬሚስት በ1918 እ.ኤ.አ. ኤርጎታሚንን ከዚህ ፈንገስ ለይቶ አወጣው፤ የኔዋም ጠርሙስ የዚያ ልጅ ናት። ፈንገሱን ግን እኛ አገር የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ ከገብስ ጋር በሚበቅለው ስናር ላይ ወጥቶ ያንን የበሉ ገበሬዎች እግራቸው ጠቁሮ ደርቋል፤ ሞትም ደርሷል። በ1993 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ እንደገና ታየ። የወሎው ገበሬ ወረቀት የሚጽፍለት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኔ ስለ ጨጓራዬ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚያ መስኮት ፊት ቆሞ ለዚያው ጥያቄ ምን ይመልሳል? «ምንም» ይላል እንጂ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሚጠየቅበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ሁለት ወንበርና አንድ መጋረጃ ያን ያህል ውድ ነገር ነውን?

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። ሲረጩት ራስን ወደ ኋላ ማዘንበልም ሆነ ወደ ውስጥ መሳብ አያስፈልግም፤ እንደ ዳማከሴ አይማግም። ጠርሙሷ አንዴ ከተሰናዳች ከ8 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይጣላል፤ ቆጥቦ ለሚቀጥለው ወር ማለት የለም። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ደረት ከጨነቀ፣ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ክላሪትሮማይሲኑን ጨረስሁ፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ የደም ግፊቴን ተለካሁ፤ እርሳቸውም መጀመሪያ ሌላ መድኃኒት እንሞክር አሉኝ። የጠርሙሷ ወሬ ግን በመኝታ ክፍላችን ተሰምቶ ሦስት ጓደኞቼ «አንድ ጊዜ ብቻ» እያሉ ለምነውኛል፤ አንደኛው ሲጋራ ያጨሳል፣ ሁለተኛው ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም፣ ሦስተኛው የሚወስደውን ክኒን ስም አይነግረኝም። ለሦስቱም አልሰጠሁም። ሁለተኛው ተቆጥቶ ወደ ክሊኒክ ሄዷል፤ ውጤቱን ገና አልነገረኝም።