ፍቼ ጨምበላላ በሐይቁ ዳር
የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በሐዋሳ የሚከበረው በሐይቁ አቅራቢያ ጉዱማሌ በተባለው ስፍራ ነው፤ ከጌዴኦ ከተማ ከዲላ እስከዚያ ያለው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀኑን የሚወስኑት አያንቱዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የበዓሉ ጉልበት ቄጣላ ነው፦ የየጎሳው ሰዎች በኅብረት እየዘፈኑና እየጨፈሩ ይተማሉ፤ የትኛውም የድምፅ ማጉያ ይህን አይተካውም። ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡሪሳሜ ልጆች በየጎረቤቱ እየዞሩ ይቋደሳሉ። ዩኔስኮ በዓሉን በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዲላ ደግሞ በጥር የሚከበረው የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ በአባ ገዳ የሚመራ የምስጋናና የዘፈን በዓል ነው፤ እንደ ፍቼ ጨምበላላ ግን ውሃ ዳር መውረድ አያስፈልገውም።